«ቅጣት የለውም» ማለት «በነጻ ነው» ማለት አይደለም፦ የትኬት ቀን ስንቀይር ስለምንጠየቀው የዋጋ ልዩነት



«ቀኑን በፈለግሽ ጊዜ መቀየር ትችያለሽ፣ ቅጣት የለውም ብለው ነው ትኬቱን የሸጡልኝ። ልቀይር ስሄድ ግን ብዙ ገንዘብ ጨምሪ አሉኝ። ተታልዬ ነው ወይስ ሕጉ እንዲህ ነው?»

ይህን የጠየቀችን ጅዳ ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህታችን ናት። እናቷን ለረመዷን ዑምራ ከአገር ቤት አስመጣቻቸው። እናት መመለስ የነበረባቸው በረመዷን አጋማሽ ነበር፤ ነገር ግን የመጨረሻዎቹን አሥር ሌሊቶች እዚያው አሳልፈው ዒድን ከልጃቸው ጋር ለማክበር ተመኙ። ቪዛቸው ይፈቅዳል፤ ትኬቱም «ፍሌክስ» የሚባለው ዓይነት ነው። ልጅቷ ግን ቀኑን ልታስቀይር የሄደችው ለመመለሻው ሁለት ቀን ብቻ ሲቀር ነበር። የተጠየቀችውን ገንዘብ ተበድራ ከፈለች።

ትኬቱን ልካልን አየነው። በላዩ የተጻፈው ደንብ እንዳለ ተፈጽሟል፤ ያታለላት የለም። ደንቡን ያስረዳትም ግን የለም። ቀደም ብላ ብትጠይቅ ኖሮ ነገሩ በጣም ባነሰ ገንዘብ ሊያልቅ ይችል ነበር። የእሷ ዓይነት ጥያቄ ስለሚበዛ፣ የዋጋ ልዩነት ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚቀንስ በዚህ ጽሑፍ በዝርዝር እናያለን፤ ኢንሻአላህ።

ሁለት የተለያዩ ክፍያዎች

ቀን ስንቀይር የምንጠየቀው ገንዘብ አንድ ይመስለናል። በእርግጥ ግን ሁለት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው የመቀየሪያ ክፍያ ነው፤ በተለምዶ «ቅጣት» እንለዋለን። ይህ አየር መንገዱ ለመቀየሩ ብቻ የሚያስከፍለው ቁርጥ ያለ ሒሳብ ነው። አዲሱ ቀን ርካሽም ይሁን ውድ ቅጣቱ ያው ነው።

ሁለተኛው የዋጋ ልዩነት ነው፤ ትኬት ቢሮዎች «ፌር ዲፈረንስ» ወይም ባጭሩ «ዲፈረንስ» ይሉታል። ይህ መጀመሪያ በከፈልነው ዋጋና በአዲሱ በረራ ላይ አሁን በሚገኘው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ቁርጥ ያለ ሒሳብ የለውም። ዜሮም ሊሆን ይችላል፣ ከትኬቱ ዋጋ ሊበልጥም ይችላል።

«ፍሌክስ» ወይም «ተለዋዋጭ» የሚባል ትኬት በአብዛኛው የሚያነሳልን የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛው እንዳለ ይቀራል። በማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው «ያለ ክፍያ ቀን ይቀይሩ» የሚለው ነው፤ «የዋጋ ልዩነት ካለ ይከፈላል» የሚለው ከታች በትንሹ ይጻፋል። እህታችንን ግራ ያጋባት ይኸው ነው።

ይህ የአንድ አየር መንገድ አሠራር ብቻ አይደለም። የአሜሪካው ዩናይትድ በነሐሴ 2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በአገር ውስጥ በረራዎቹ ላይ የቀን መቀየሪያ ቅጣትን ለዘለቄታው ማንሳቱን አስታወቀ፤ ዴልታና አሜሪካን ኤርላይንስም ወዲያው ተከተሉት። ብዙ ሰው «ከእንግዲህ መቀየር በነጻ ሆነ» ብሎ ነበር። ሦስቱም ግን የዋጋ ልዩነቱን አላነሱም፤ ከሁሉም ርካሽ የሆነውን የትኬት ዓይነትም ከዚህ ዕድል ውጭ አድርገውታል።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል?

አንድ አውሮፕላን ውስጥ በኢኮኖሚ ክፍል ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ወንበራቸው አንድ ዓይነት፣ ምግባቸውም አንድ ዓይነት ነው። የከፈሉት ዋጋ ግን የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቅ ይችላል። ምክንያቱም አየር መንገዱ የኢኮኖሚውን ወንበሮች በፊደል በተሰየሙ የዋጋ ደረጃዎች ከፋፍሎ ስለሚሸጥ ነው። ሙሉ ዋጋ የሚከፈልበት ደረጃ በአብዛኛው «ዋይ» ተብሎ ይጠራል። ከእሱ በታች «ቢ»፣ «ኤም»፣ «ኬ»፣ «ኤል»፣ «ኪው» እያለ ይወርዳል፤ የፊደሎቹ ቅደም ተከተል ከአየር መንገድ አየር መንገድ ይለያያል።

በእያንዳንዱ በረራ ላይ ለእያንዳንዱ ደረጃ የሚለቀቀው ወንበር የተወሰነ ነው። ርካሹ ሲያልቅ ወይም ሲዘጋ ቀጣዩ ውድ ደረጃ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ «ወንበር አለ» ማለትና «እኛ በገዛንበት ዋጋ ወንበር አለ» ማለት የተለያዩ ናቸው። አውሮፕላኑ ግማሹ ባዶ ሆኖም ርካሹ ደረጃ ሊዘጋ ይችላል።

ይህ አሠራር ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። በ1972 እ.ኤ.አ. ኬን ሊትልውድ የተባለ የእንግሊዙ ቢ.ኦ.ኤ.ሲ. አየር መንገድ ባለሙያ፣ በቅናሽ የሚሸጠው ወንበር መቼ ተዘግቶ ዘግይቶ ለሚመጣውና በውድ ለሚገዛው መንገደኛ መያዝ እንዳለበት የሚያሳይ ስሌት አቀረበ። አሜሪካ በ1978 የአየር ትኬት ዋጋን ከመንግሥት ቁጥጥር ነጻ ካደረገች በኋላ ፉክክሩ በረታ። በ1985 አሜሪካን ኤርላይንስ ቀድመው ለሚገዙ መንገደኞች በጣም ዝቅተኛ ዋጋ አውጥቶ፣ የቀሩትን ወንበሮች ግን ዘግይተው ለሚመጡት በውድ መሸጥ ሲጀምር ሌሎቹም መንገዱን ያዙት። ዛሬ ይህን የሚሠራው ኮምፒውተር ነው፤ ደረጃዎቹ በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ሊከፈቱና ሊዘጉ ይችላሉ።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ዋና ነገር አለ። ተለዋዋጭ ትኬት ስንገዛ የገዛነው የመቀየር መብትን እንጂ ዋጋው እንደማይነካ የሚገልጽ ዋስትናን አይደለም። መብቱ ባለበት ይቆያል፤ ዋጋው ግን በየቀኑ ይንቀሳቀሳል።

በምሳሌ እንየው

ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የቀረቡ ናቸው፤ የማንም አየር መንገድ ትክክለኛ ዋጋ አይደሉም።

አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ጅዳ ደርሶ መልስ በ«ኪው» ደረጃ በ300 ዶላር ገዛ እንበል። መሄጃው 150፣ መመለሻው 150 መሆኑ ነው። ከሄደ በኋላ መመለሻውን ከዒድ ማግስት ወዳለው በረራ ማዛወር ፈለገ።

ሦስት ሳምንት ቀድሞ ቢጠይቅ፦ በአዲሱ በረራ ላይ «ኪው» ተዘግቷል፣ «ኬ» ግን ክፍት ነው። የ«ኬ» ደርሶ መልስ ዋጋ 360 ዶላር ከሆነ ግማሹ 180 ነው። ልዩነቱ 30 ዶላር ይሆናል።

ሁለት ቀን ሲቀረው ቢጠይቅ፦ «ኪው»ም «ኬ»ም ተዘግተው «ኤም» ብቻ ቀርቷል። የ«ኤም» ደርሶ መልስ 500 ዶላር ከሆነ ግማሹ 250 ነው። ልዩነቱ 100 ዶላር ይሆናል።

ትኬቱ ተለዋዋጭ ባይሆንና 75 ዶላር ቅጣት ቢኖርበት፦ በመጀመሪያው ሁኔታ 105፣ በሁለተኛው 175 ዶላር ይከፍላል።

በአዲሱ በረራ ላይ ያው «ኪው» ክፍት ሆኖ ቢያገኝና ሌሎቹ የትኬቱ ደንቦች ቢሟሉ፦ ልዩነቱ ዜሮ ነው።

ስለዚህ ትኬት ቢሮ ስንሄድ «ቀን ቀይሩልኝ» ከማለት ይልቅ «እኔ የገዛሁበት ደረጃ በየትኞቹ ቀኖች ክፍት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። አንድ ቀን ወዲህ ወይም ወዲያ ማለት ብቻ ልዩነቱን ሊያጠፋው ይችላል።

ደረጃው ክፍት ሆኖም ለምን ይጨምራል?

አንዳንዴ ደረጃው ክፍት ሆኖ ሳለ ልዩነት እንጠየቃለን። ምክንያቱ እያንዳንዱ ዋጋ ከፊደሉ በተጨማሪ የራሱ ቅድመ ሁኔታዎች ስላሉት ነው። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

ቀድሞ የመግዛት ግዴታ፦ አንዳንድ ዋጋ ከጉዞው 7 ወይም 14 ቀን ቀድሞ ለሚገዛ ብቻ ነው። ለመብረር ሦስት ቀን ሲቀረን የምንቀይር ከሆነ ያ ዋጋ ላይሰጠን ይችላል።

የቆይታ ገደብ፦ ደርሶ መልስ ትኬት ለአንድ ወር፣ ለሦስት ወር ወይም ለአንድ ዓመት ቆይታ ሊሸጥ ይችላል። የአንድ ወሩን ገዝቶ በሁለተኛው ወር መመለስ የሚፈልግ ወደ ሌላ ዋጋ መዛወር አለበት።

የወቅት ልዩነት፦ አየር መንገዶች ዓመቱን ጸጥ ያለና የተጨናነቀ ወቅት ብለው ይከፍላሉ። ያው ፊደል በተጨናነቀው ወቅት የተለየ ዋጋ ይኖረዋል።

ይህ የመጨረሻው ለእኛ ለሙስሊሞች በተለይ ልናስብበት የሚገባ ነው። የሒጅራ ዓመት ከፀሐይ አቆጣጠሩ በ11 ቀን ያህል ስለሚያንስ ረመዷንም ሆነ ሐጅ በየዓመቱ ወደፊት እየቀደሙ ይመጣሉ። አምና በዚህ ወር ርካሽ የነበረ በረራ ዘንድሮ የረመዷን መጨረሻ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ዒድ ራሱ በጨረቃ መታየት ስለሚወሰን 29ኛው ሌሊት እስኪደርስ ቁርጡ አይታወቅም። በጨረቃዋ ምክንያት ቀን ለመቀየር የሚጣደፈው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚመጣ ርካሹ ደረጃ በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። መመለሻን ልክ በዒድ ማግስት ከማድረግ ከመጀመሪያው ሁለት ሦስት ቀን አልፎ መያዝ ብዙ ጊዜ ይህን ጭንቀት ያስቀራል።

ጉዞው ከመጀመሩ በፊትና ከተጀመረ በኋላ

ቀኑን የምንቀይርበት ጊዜም ስሌቱን ይለውጠዋል።

ጉዞው ገና ካልተጀመረ በአብዛኛው ትኬቱ በሙሉ እንደ አዲስ፣ በዕለቱ ባለው ታሪፍ ይሰላል። መሄጃውን ብቻ ብንቀይርም መመለሻው አብሮ ሊሰላ ይችላል። ከገዛን በኋላ ታሪፉ ጨምሮ ከሆነ ጭማሪው እኛንም ይነካናል።

መሄጃው በረራ ከተጠናቀቀ በኋላ መመለሻውን ብቻ የምንቀይር ከሆነ ግን በብዙ አየር መንገዶች ደንብ የሚሠራው ትኬቱ በተገዛበት ቀን የነበረው የታሪፍ ሰንጠረዥ ነው። ይህ ጥሩ ዜና ነው፤ ነገር ግን የድሮ ሰንጠረዥ ማለት የድሮ ዋጋ ማለት አይደለም። በዚያ በድሮው ሰንጠረዥ ውስጥ የትኛው ደረጃ እንደሚሰጠን የሚወሰነው ዛሬ በአዲሱ በረራ ላይ ክፍት በሆነው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። የመመለሻውን ልዩነት ለመገመት በኢንተርኔት የአንድ መንገድ ትኬት ዋጋ ይፈልጋል፤ የሚያየው ቁጥር ያስደነግጠዋል። የአንድ መንገድ ዋጋ ግን ብዙ ጊዜ ከደርሶ መልሱ ግማሽ ይበልጣል። የእኛ መመለሻ የሚሰላው በደርሶ መልስ ታሪፍ ስለሆነ ትክክለኛውን ቁጥር ማግኘት የሚቻለው የራሳችን ቡኪንግ ውስጥ ገብተን ወይም አየር መንገዱን ጠይቀን ነው። በአየር መንገዱ ድረ ገጽ «ቀን ቀይር» በሚለው በኩል ገብተን ዋጋውን እስኪያሳየን መሄድ እንችላለን፤ ከፍለን እስካላጸደቅን ድረስ ትኬቱ አይነካም።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። የመሄጃውን በረራ ትተን በመመለሻው ብቻ እንጠቀማለን ማለት አይሠራም። ትኬት የሚሠራው በቅደም ተከተሉ ነው፤ የመጀመሪያው በረራ ካልተበረረበት ቀሪው በአብዛኛው ይሰረዛል።

ሳናስበው ልዩነቱን የሚያገዝፉ ነገሮች

አንደኛ፣ ታክስ። ትኬታችን ላይ ካለው ገንዘብ ከፊሉ የመንግሥታትና የኤርፖርቶች ክፍያ ነው። በመካከሉ ከተጨመረ ወይም አዲሱ መስመራችን በሌላ ኤርፖርት በኩል የሚያልፍ ከሆነ ልዩነቱ በእኛ ላይ ይመጣል።

ሁለተኛ፣ ምንዛሪ። ከኢትዮጵያ የሚነሱ ዓለም አቀፍ ጉዞዎች ታሪፍ በዶላር የተቀመጠ ነው፤ በብር ስንከፍል በምንዛሪው ተባዝቶ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በምሳሌያችን ያየነው የ100 ዶላር ልዩነት ከዚያ በፊት 5,700 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ከ10,000 ብር በላይ ሆነ። የዶላሩ ልዩነት ሳይጨምር የብሩ ሊጨምር እንደሚችል ልብ ይሏል።

ሦስተኛ፣ የኤጀንቱ አገልግሎት ክፍያ። ኤጀንት ለሥራው መጠየቁ መብቱ ነው። ችግር የሚሆነው ይህ ክፍያ «ዲፈረንስ» በሚለው ስም ተጠቅልሎ ሲቀርብ ነው። ስለዚህ ቅጣት ስንት፣ የዋጋ ልዩነት ስንት፣ ታክስ ስንት፣ አገልግሎት ስንት እንደሆነ ለየብቻ ተጽፎ እንዲሰጠን እንጠይቅ። ሐቀኛ ኤጀንት ይህን ለመስጠት አይቸገርም።

አራተኛ፣ መቅረት። በረራው ከመነሳቱ በፊት ሳይቀይሩ መቅረት በተለዋዋጭ ትኬት ላይ እንኳ የተለየ ቅጣት ሊያስከትል፣ በአንዳንዱ ትኬት ላይ ደግሞ ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ ሊያሳጣ ይችላል። አዲሱን ቀን ገና ባናውቀው እንኳ ከበረራው በፊት «አልበርም» ብለን ማስታወቅ አለብን።

አምስተኛ፣ ወደ ርካሽ ቀን መቀየር። አዲሱ ዋጋ ከቀድሞው ቢያንስ ልዩነቱ ይመለስልናል ብለን እንጠብቃለን። አንዳንድ አየር መንገድ ለሌላ ጉዞ የሚሆን ቫውቸር ይሰጣል፤ አንዳንዱ ግን ምንም አይመልስም። ደንቡን አስቀድሞ ማንበብ ነው።

«ኦፕን ትኬት» የሚባለው

ብዙ ወገኖቻችን መመለሻው «ኦፕን» ነው ሲባሉ በዓመቱ ውስጥ በፈለጉት ቀን ያለ ጭማሪ የሚበሩ ይመስላቸዋል። ኦፕን ማለት ቀኑ አልተያዘም ማለት ብቻ ነው። ቀን ስናስይዝ የገዛንበት ደረጃ ክፍት ካልሆነ ያው የዋጋ ልዩነት ይመጣል።

የአገልግሎት ጊዜውንም ማወቅ ያስፈልጋል። በአጠቃላይ ሙሉ ዋጋ የተከፈለበት ትኬት ጉዞ ከተጀመረ ከመጀመሪያው በረራ ቀን አንሥቶ አንድ ዓመት ያገለግላል፤ ጨርሶ ካልተጀመረ ደግሞ ከተቆረጠበት ቀን አንሥቶ አንድ ዓመት ነው። በቅናሽ የተገዛ ግን ጊዜው ሊያጥር ይችላል። «እስከ መቼ ነው የሚያገለግለው?» ብሎ ጠይቆ ቀኑን መጻፍ ነው።

በቡድን የሚገዙ የዑምራ ትኬቶችም የተለዩ ናቸው። ዋጋቸው ዝቅ የሚለው ሁሉም አብሮ ሄዶ አብሮ እንዲመለስ ስለሆነ ከቡድኑ አንድ ሰው ብቻ ለይቶ ቀን ማስቀየር ብዙ ጊዜ አይቻልም፣ ወይም አዲስ ትኬት የመግዛት ያህል ያስወጣል። ወላጆቻችንን በቡድን የምንልክ ከሆነ ይህን ከመክፈላችን በፊት እናጣራ።

ልዩነት የማንከፍልባቸው ሁኔታዎች

ቀኑን የቀየርነው እኛ ካልሆንን ስሌቱ ይለወጣል። አየር መንገዱ በረራውን ከሰረዘ ወይም ሰዓቱን በከፍተኛ ደረጃ ካዛወረ በአብዛኛው ያለ ዋጋ ልዩነት በሌላ በረራ እንዲያሳፍረን ወይም ገንዘባችንን እንዲመልስ መጠየቅ እንችላለን። ከአውሮፓ ኅብረት አገር ለሚነሳ ማንኛውም በረራ፣ እንዲሁም በኅብረቱ አየር መንገድ ወደዚያ ለሚገባ በረራ፣ በ2004 የወጣው ደንብ ቁጥር 261 ይህን በግልጽ አስቀምጧል። ስለዚህ የበረራ ለውጥ መልእክት ሲደርሰን «እሺ» የሚለውን ከመጫናችን በፊት እናስብ፤ ቀናችንን ያለ ጭማሪ ለማስተካከል ጥሩ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል።

በአሜሪካ የምትኖሩ ወገኖች ደግሞ ሌላ መብት አላችሁ። ከበረራው ቢያንስ 7 ቀን ቀድሞ በቀጥታ ከአየር መንገዱ የተገዛ ትኬት፣ ወደ አሜሪካ፣ ከአሜሪካ ወይም እዚያው ውስጥ ለሚደረግ ጉዞ ከሆነ፣ አየር መንገዱ ወይ ዋጋውን ለ24 ሰዓት ያለ ክፍያ እንዲይዝላችሁ ወይ በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት እንዲሰርዝላችሁ የአገሪቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ያስገድዳል። ቀን ተሳስታችሁ ከሆነ በዚያው ዕለት ሰርዞ እንደገና መግዛት ከመቀየር ይሻላል።

ሞት ወይም ከባድ ሕመም ሲያጋጥም አንዳንድ አየር መንገዶች በማስረጃ ቅጣቱን ያነሳሉ፤ ልዩነቱንም የሚያቀልሉ አሉ። ግዴታቸው ባይሆንም መጠየቅ አያስነውርም።

«ይህ ሪባ አይደለም ወይ?»

ይህ ጥያቄም ይደርሰናል። ቀን ስላራዘምን ገንዘብ ተጨመረብን፤ ታዲያ በጊዜ ምክንያት የመጣ ጭማሪ ሪባ አይሆንም ወይ የሚል ነው።

ነገሩን ስናየው ትኬት በፊቅህ አነጋገር ወደ ኢጃራ የሚቀርብ ውል ነው፤ በተወሰነ ቀን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ የመጓጓዝን አገልግሎት በክፍያ እናገኛለን። የብድር ሪባ ደግሞ በዕዳ ላይ ለጊዜው ተብሎ የሚጨመር ነው። ቀን ስንቀይር ግን አየር መንገዱ ከእኛ የሚፈልገው ዕዳ የለም፤ የቀድሞውን ወንበር ትተን የሌላ በረራ ወንበር እንወስዳለን፤ ጭማሪውም የዚያ ወንበር ዋጋ ነው። ስለዚህ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ይህ ግን ነገሩን ለማብራራት ያህል እንጂ ፈትዋ አይደለም፤ የራሱ ጉዳይ ያለበት ሰው የሚያምናቸውን ዑለማ ይጠይቅ።

በሌላ በኩል የሱረቱል ማኢዳህ የመጀመሪያው አንቀጽ ውልን መሙላት ያዛል። ውል ደግሞ የሚሞላው ሲታወቅ ነው። እዚህ ላይ ለኤጀንት ወንድሞቻችን የምንለው አለን። ማንበብ ለማይችሉ እናት ትኬት ስትሸጡ «ቅጣት የለውም» ብላችሁ ማቆም ግማሽ እውነት ነው። «ልዩነት ግን ሊኖር ይችላል፤ ለመቀየር ካሰቡ ቀደም ብለው ይንገሩን» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር አማናችሁን ይሞላዋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከመግዛታችን በፊት አራት ጥያቄዎችን እንጠይቅ፦ የመቀየሪያ ቅጣቱ ስንት ነው? የዋጋ ልዩነት ይከፈላል ወይ? ቆይታው እስከ መቼ ድረስ ይፈቅዳል? ሳንበር ብንቀርስ? መልሱ በጽሑፍ ይሁን፤ በቴሌግራምም ቢሆን በቂ ነው።

የተለዋዋጩንና የተራውን ትኬት ዋጋ እናወዳድር። ተለዋዋጩ በ120 ዶላር ቢበልጥ፣ የተራው ቅጣት ደግሞ 75 ዶላር ቢሆን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ለምንቀይር ሰዎች ተራው ይሻላል። የዋጋ ልዩነቱ በሁለቱም ላይ አለና። ተለዋዋጩ የሚያዋጣው ቀናችን ብዙ ጊዜ ሊለዋወጥ የሚችል ከሆነ ነው፤ ለምሳሌ አሠሪዋ ፈቃዷን ወዲህ ወዲያ ለምታደርግባት እህት።

የመቀየር ሐሳብ እንደመጣልን ዋጋውን እንይ። ዋጋ ማየት አያስከፍልም።

ከትኬቱ በፊት ቪዛውን እናረጋግጥ። የዑምራ ቪዛ የሚያበቃበትን ቀን፣ የሳዑዲ መኖሪያ ያላቸው ደግሞ የመውጫና መመለሻ ቪዛቸውን ቀን ሳያዩ መመለሻ ማራዘም ከዋጋ ልዩነቱ የባሰ ጣጣ ያመጣል።

ልዩነቱ ከበዛብን ጎን ለጎን ያሉትን ቀኖች፣ የሌሊቱን በረራ፣ የሳምንቱን መካከል እንጠይቅ። ጅዳ ሲወደድ መዲና ሊረክስ ይችላል፤ መነሻ ኤርፖርት መቀየር ግን ደንቡ መፍቀዱን ማጣራት ይፈልጋል። አንዳንዴ ደግሞ መመለሻውን ትቶ የሌላ አየር መንገድ የአንድ መንገድ ትኬት መግዛት ከልዩነቱ ሊያንስ ይችላል፤ ከመክፈላችን በፊት ሁለቱን እናስተያይ።

ከተቀየረ በኋላ አዲሱን ትኬት እንቀበል። ቡኪንጉ ላይ ቀኑ መለወጡ ብቻ በቂ አይደለም፤ ትኬቱ ራሱ እንደገና መቆረጥ አለበት። ይህ ሳይደረግ ኤርፖርት ደርሰው የሚመለሱ አሉ።

ወደ እህታችን እንመለስ። እናቷ የመጨረሻዎቹን ሌሊቶች እዚያው አሳልፈው፣ ዒድን ከልጃቸው ጋር አክብረው በሰላም አገራቸው ገብተዋል፤ አልሐምዱሊላህ። ብድሩን ለመክፈል ግን ወራት ፈጅቶባታል። «ቀድሜ ባውቅ ኖሮ በሻዕባን እቀይረው ነበር» ብላናለች። ይህን ጽሑፍ ለሚጓዝ ወይም ወላጆቹን ለሚልክ ሰው አድርሱት፤ የእሱ ጥያቄ ከመመለሻው ሁለት ቀን በፊት ሳይሆን በሻዕባን እንዲሆን።

አላህ ጉዟችሁን ያግራላችሁ። ወላሁ አዕለም።